የታዳጊዎች አሠልጣኝ በወላይታ፤ የአደራ ታሪክ

በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ታሪክ ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሣው ዋንጫ ያነሡ ተጫዋቾችና ብሔራዊ ቡድን የመሩ አሠልጣኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በፊት ልጁን ከሰፈር ሜዳ ተቀብሎ ኳስ መቆጣጠርን፣ ሰዓት ማክበርንና ሽንፈትን በጨዋነት መቀበልን ያስተማረው ሰው ግን በጽሑፍ መዝገብ ላይ እምብዛም አይገኝም። ይህ ሰው የታዳጊዎች አሠልጣኝ ነው፤ ታዳጊ የሚባለውም በስፖርቱ አነጋገር ለዋናው ቡድን ገና ያልደረሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ13፣ ከ15 ወይም ከ17 ዓመት በታች ተብሎ የሚመደብ ልጅ ነው። በወላይታ ዞንና በዋና ከተማው በወላይታ ሶዶ የዚህ ሰው ኃላፊነት በአንድ መመሪያ ተደንግጎ የመጣ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ከመንደር ታላላቆች፣ ቀጥሎ ከትምህርት ቤት መምህራን፣ በመጨረሻም ከክለቦችና ከፌዴሬሽኖች በየዘመኑ እየተወረሰ የተደራረበ ነው። ከእነዚህ ግዴታዎች መካከል የማሸነፍ ግዴታ የቅርብ ጊዜ መጤ ሆኖ ሳለ ዛሬ አሠልጣኙ በዋናነት የሚለካበት መስፈርት ሆኗል፤ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ነባሩና ቀዳሚው ግዴታ ልጁን በጤናው፣ በትምህርቱና በእውነተኛ ዕድሜው ጠብቆ ለወላጁ መመለስ መሆኑ ነው።

ወላይታ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከተቆረቆረችው ሶዶ ጀምሮ እስከ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ጉኑኖና በሌ ድረስ የገበሬው ይዞታ ጠባብ፣ ጓሮውም በእንሰት የተያዘ ነው። ሰፊና ለጥ ያለ መሬት ብርቅ በሆነበት አገር ሜዳ የሁሉም ነው፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል፣ ሽማግሌ ይሰየምበታል፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ማለትም በመስከረም በሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ይጨፈርበታል። የአካባቢው ሰዎች ጉታራ የሚሉት የመንደር መሰብሰቢያ የዚህ ዐይነቱ የጋራ ቦታ ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ከዚህ የጋራ ቦታ ተለይቶ የተከለለ ባለመሆኑ፣ ልጆችን ሰብስቦ ማጫወት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ከሽማግሌዎችና ከብት ከሚያሰማሩት ጋር መስማማት ነበረበት፤ ኳሷ ጓሮ ገብታ ችግኝ ብትሰብር የሚጠየቀው፣ ልጆች ቢጣሉ የሚገላግለው፣ ልጁ አምሽቶ ቢቀር እናቱ በር ላይ የሚቆመውም እርሱ ነበር።

ከዘመናዊው ስፖርት በፊት የነበሩት የኢትዮጵያ ጨዋታዎች አሠልጣኝ የሚባል ሰው አያውቁም። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በገና በዓል ሰሞን የሚካሄደው የገና ጨዋታ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የተባለችውን ድቡልቡል እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር ማድረስን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በኦሮሞ ዘንድ ቂሌ በሚል ስም የሚታወቀው ጨዋታም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በዓለም ላይ ሆኪ በሚል የወል ስም ከሚጠሩት የዱላና የኳስ ጨዋታዎች ጋር በአሠራራቸው ይመሳሰላሉ። በገና ጨዋታ የተሰላፊው ቁጥርም ሆነ የሜዳው ስፋት አይወሰንም፤ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት፣ በጨዋታው ለደረሰ ጉዳት ቂም መያዝ የማይገባበት መሆኑም በሰፊው የታወቀ ነው። ልጁ ጨዋታውን የሚማረው ታላላቆቹን እያየ ሲሆን፣ ከልክ ያለፈውን የመገሠጽ ሥልጣን በአጠገቡ ላለ ማንኛውም ታላቅ ሰው የተሰጠ ነበር። ይህ ልማድ፣ በሰሜንም በደቡብም፣ ለኋለኛው አሠልጣኝ ሁለት ነገር አውርሶታል፤ በአንድ በኩል የሰውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የመገሠጽ መብት፣ በሌላ በኩል የዚያ መብት ወሰን በግልጽ አለመቀመጡን። የሁለተኛው ውርስ ጣጣ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ዘመናዊ ስፖርት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትምህርት ቤቶችና በውጭ አገር ሰዎች በኩል ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ወዲያው የፋሺስት ወረራ ደርሶ ስፖርቱን በዘር ከፋፈለው፤ ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ተቋቋመ። በዚህ ዘመን ተጫዋችነትን፣ አሠልጣኝነትንና አስተዳዳሪነትን በአንድ ሰው ያዋሐደው ይድነቃቸው ተሰማ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ ቡድኑን የመራው፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ በአጭሩ ካፍን፣ በፕሬዚዳንትነት ያገለገለው እርሱ ነው። በእርሱ ትውልድ ዘንድ አሠልጣኝነት ከመምህርነት የተለየ ሙያ አልነበረም፤ ተጫዋቹ በሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በአለባበሱ፣ በአነጋገሩና በትምህርቱ ጭምር የሚታረም ሰው ተደርጎ ይታይ ነበር።

ወደ ወላይታ የመጣው ስፖርት ይህንኑ የመምህርነት መልክ ይዞ ነው የመጣው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በ1920ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ገብተው በሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፍረው ነበር፤ የካፑቺን ካቶሊካውያን ሚሲዮንም በአካባቢው ሠርቷል፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ኳስ፣ መረብ ኳስና ሩጫ የሚያስተምረው የአካል ማጎልመሻ መምህሩ ወይም ስፖርት የሚወድ የሌላ ትምህርት አስተማሪ ነበር። የመምህሩ ሥልጣን ምንጩ ከመንደር ታላቅ ሰው ሥልጣን ይለያል፤ እርሱ የስም መጥሪያ መዝገብ አለው፣ ውጤት ይሰጣል፣ ወላጅ ያስጠራል፣ እርሱም በተራው ለርእሰ መምህሩ ይጠየቃል። በመሆኑም ኃላፊነት ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ሰፈረ፤ ማን እንደ ቀረ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከክፍሉ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጣና ከቡድኑ መውጣት እንዳለበት የሚታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው። በትምህርቱ የደከመ ልጅ ለትምህርት ቤቱ እንዳይሰለፍ የመከልከል ልማድ ከዚህ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ በክለብ ሥር ባሉ የታዳጊ ቡድኖች ዘንድ እየላላ መሄዱ ከሚያስቆጩት ነገሮች አንዱ ነው።

በዚያ ዘመን ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ስለ ነበር፣ ከትምህርት ቤት የተመረጠ ልጅ ከፍ ላለ ውድድር ከአውራጃው ወጥቶ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ መጓዝ ነበረበት። ጉዞው አዲስ ዐይነት ኃላፊነት ፈጠረ። ልጁ ከቤቱ ውጭ ሲያድር የሚያበላው፣ የሚያስተኛው፣ ገንዘቡን የሚይዝለትና ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስደው ከወላጅ ሌላ ሰው ሆነ፤ ወላጅም ልጁን ሲያስረክብ የሚያስረክበው ለተቋም ሳይሆን ለሚያውቀው ሰው፣ በአደራ ነው። አደራ በኢትዮጵያ ልማድ ፊርማ የማይጠይቅ፣ ቢጎድል ግን ከፊርማ ይልቅ የሚያሳፍር ውል ነው። የታዳጊ አሠልጣኝ ሞያ በወላይታ ሥር የሰደደው በዚህ ውል ላይ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም አንዲት የገጠር እናት ልጇን ለውድድር ስትልክ የምትጠይቀው የአሠልጣኙን የብቃት ወረቀት ሳይሆን የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው።

የደርግ ዘመን ስፖርቱን ከትምህርት ቤት ግቢ አውጥቶ በቀበሌዎችና በወጣቶች ማኅበር ሥር ሲያደራጅ የተሳታፊውን ቁጥር አብዝቷል፤ በአንጻሩ ልጁን ከክፍል ውጤቱና ከመምህሩ ጋር ያስተሳስር የነበረው ገመድ ላልቷል።

የዛሬው አደረጃጀት መልክ የያዘው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በትምህርት ቤት፣ በመኖሪያና በሥራ አካባቢ የሕዝብ ተሳትፎ ሆኖ እንዲስፋፋ አቅጣጫ አስቀመጠ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜን ኦሞ ዞን ተከፋፍሎ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን፣ ቀድሞ ወደ አርባ ምንጭ ይመለከት የነበረው የስፖርት መዋቅር ሶዶ ላይ ማዕከል አገኘ። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ የተስፋፋው የሥልጠና ዐይነት በሕዝቡ ዘንድ ባጭሩ ፕሮጀክት ይባላል፤ ይኸውም በቀበሌ ወይም በከተማ ደረጃ ተቀራራቢ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ተመልምለው በአንድ አሠልጣኝ ሥር ለዓመታት በነጻ የሚሠለጥኑበት አሠራር ነው። የፕሮጀክት አሠልጣኝ አንዳንዴ መጠነኛ አበል የሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜም በበጎ ፈቃድ የሚሠራ፣ ቀን በሌላ ሥራ የሚውል ሰው ነው።

የዚህ ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ በቅርብ ቢታይ ኃላፊነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገለጻል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ስለሚያስተምሩ፣ የጠዋት ፈረቃ ልጆች ምሳ በልተው ሲመጡ የከሰዓቶቹ ገና ክፍል ውስጥ ናቸው፤ አሠልጣኙ የየልጁን ፈረቃ ካላወቀ ሳያስበው ልጁን ከክፍል ያስቀራል። ከልጆቹ አንዳንዱ ታኬታ ያደረገ፣ አንዳንዱ ኮንጎ ጫማ ያጠለቀ፣ ሌላው ባዶ እግሩን ነው፤ ባለ ታኬታውንና ባዶ እግሩን የሆነውን ለአንድ ኳስ እንዲሻሙ ማድረግ የእግር ጣት መስበር በመሆኑ፣ ጠንቃቃ አሠልጣኝ ልጆቹን በችሎታ ከመመደቡ በፊት በጫማ ይመድባል። ቁርስም ምሳም ሳይበላ የመጣው ልጅ በሩጫው ሦስተኛ ዙር ላይ ፊቱ ይገረጣል፤ እርሱን በስንፍና መገሠጽ ወይም አስቀምጦ ውኃ መስጠት በአሠልጣኙ ዐይን ላይ የተመሠረተ ነው። ከቆላው፣ ከብላቴ ወንዝና ከአባያ ሐይቅ አቅጣጫ የመጣው ልጅ ትናንት ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ጉሮሮውን ደጋግሞ የሚያመው ልጅ ሳይታከም ሲቀር ሕመሙ ወደ ልብ ሊዛመት እንደሚችል፣ የዚህ ዐይነቱ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ በብዛት እንደሚታይ የሚያውቅ አሠልጣኝ፣ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ወደ ሆስፒታል ይልካል እንጂ ዙር አይጨምርበትም። እነዚህ ሁሉ በሜዳው ጠርዝ በሚቀመጥ አንድ ደብተር ላይ ይሰፍራሉ፤ የልጁ ስም ከነአያቱ፣ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፈረቃው፣ የወላጁ ስልክና የትውልድ ዘመኑ። የመምህሩ የስም መጥሪያ መዝገብ ወራሽ ይህ ደብተር ነው።

በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው የሶዶው ክለብ ወላይታ ድቻ በ2006 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከገባ በኋላ ይህ ጸጥ ያለ ሥራ ድንገት የብዙ ዐይን ማረፊያ ሆነ። ድቻ በአሠልጣኝ መሳይ ተፈሪ ለዓመታት ሲመራ ከዞኑ ወረዳዎች በወጡ ልጆች ላይ ተመሥርቶ የሚጫወት ቡድን ተብሎ ታወቀ፤ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አንሥቶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመሳተፍ መብት አገኘ። በዚያም ውድድር የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ካሰናበተ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በአሠልጣኝ ዘላለም ሽፈራው እየተመራ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን 5 ጊዜ ያነሣውን የግብፁን ዛማሌክ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3 አሰናበተው። ቀጥሎ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምር 2 ለ 1 አስቀረው። ከተመሠረተ 10 ዓመት ያልሞላው የዞን ክለብ ዛማሌክን ማሰናበቱ ከኢትዮጵያ ክለቦች የቅርብ ዘመን ታሪክ እጅግ ከሚያኮሩት ምዕራፎች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ድል ጥላ በታዳጊዎች ሜዳ ላይ ሌላ መልክ አለው። ከዚያ ወዲህ በፕሮጀክት የሚሠለጥን ልጅ ወላጅ፣ የቀበሌው አመራርና ራሱ አሠልጣኙ የሥልጠናውን ፍሬ የሚለኩት ስንት ልጅ ወደ ድቻ አለፈ በሚል ጥያቄ ሆነ። ካፍ ክለቦችን የሚመዝንበት የፈቃድ ሥርዐት፣ በስፖርት፣ በመሠረተ ልማት፣ በአስተዳደርና የሰው ኃይል፣ በሕግና በፋይናንስ 5 መስፈርቶች ተከፍሎ፣ ክለቦች የታዳጊ ቡድን እንዲይዙ ማስገደዱ በራሱ መልካም ነው፤ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ውድድሮች መኖራቸውም እንዲሁ። ችግሩ የሚመጣው ልጆችን ለማሳደግ የተዘጋጀው ውድድር በደረጃ ሠንጠረዥ ሲመዘን ነው፤ ደረጃው ዝቅ ያለ አሠልጣኝ ሥራውን ለማጣት ሲሰጋ፣ ለነገ የሚያስፈልገውን ለስላሳና ትንሽ ልጅ አስቀምጦ ዛሬ የሚያሸንፍለትን ግዙፍ ያሰልፋል።

የተግሣጽ ጉዳይም በዚህ ግፊት ይከፋል። በመንደሩ ልማድ የተሰጠው የመገሠጽ መብት ወሰን አልነበረውም፤ ሕጉ ግን ወሰን አበጅቷል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዙ ልማዶች፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ፣ በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋሞች ውስጥም አካላቸውን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ከኢሰብአዊነት ከተሞላ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። የስፖርት ፕሮጀክት በስሙ ባይጠቀስም፣ ልጆችን በየሳምንቱ ለሰዓታት ተቀብሎ የሚያውል ማንኛውም አካል በዚህ ድንጋጌ መንፈስ ሥር መውደቁ ሊያከራክር አይገባም። በኩርኩም መምታት፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክና የወደቀውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ፣ በአባትነት ስም ቢፈጸሙም፣ የአሠልጣኝነት ሥራ አካል አይደሉም። ዙር ማስሮጥ እንኳ ቅጣት ሲሆን ልጁ ሩጫን እንዲጠላ ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በሩጫ ስሟ በዓለም በተጠራ አገር ይህ መደረጉ በተለይ ያሳዝናል።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ውስጥ ከማይዘወተር ስፖርት፣ ከበረዶ ሆኪ፣ የሚገኝ ትምህርት አለ። በረዶ ላይ በብረት ጫማ እየተንሸራተቱ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ በዱላ የሚያሽከረክሩበት ይህ ጨዋታ በካናዳ የልጅነት ሁሉ መሠረት ተደርጎ ሲታይ፣ የልጆች አሠልጣኝም እንደ ወላይታው ሁሉ ለረጅም ዘመን ያለ ጠያቂ የሚታመን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ታዋቂ የወጣቶች አሠልጣኝ፣ ግራሃም ጄምስ፣ በሥሩ በነበሩ ተጫዋቾች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈረደበት፤ ከተጎጂዎቹ አንዱ ሼልደን ኬኔዲ በአደባባይ መናገሩ አገሪቱን አናወጠ፤ የሆኪ ማኅበሩም አሠልጣኞችን ስለ ልጆች ጥበቃ የሚያስተምር መርሐ ግብር ለማቋቋም ተገደደ። በአካል ጉዳትም በኩል እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በትከሻና በወገብ እንዲገጫጩ በሚፈቀድበት በአልበርታ ግዛት የጭንቅላት መናጋት፣ ይኸው ድርጊት ከሚከለከልበት ከኩቤክ ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ ማግኘቱን ካሳወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ድርጊቱ በዚያ የዕድሜ ክልል በመላ ካናዳ ተከለከለ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ አግዷል። በሁሉም ዘንድ ደንቡ የተጻፈው ልጅ ከተጎዳ በኋላ ነው። ወላይታ ይህን ቅደም ተከተል መድገም የለባትም፤ አሠልጣኝ ከልጅ ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል እንዳይቀር፣ በጉዞ ጊዜ ቢያንስ 2 ታላላቅ ሰዎች አብረው እንዲያድሩ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ እንዳይመለስ መወሰን ገንዘብ የማይጠይቅ ደንብ ነው።

የሴት ልጆች ወላጆች ይህንን የጥበቃ ጥያቄ ከወንዶቹ ወላጆች ቀድመው ጠይቀዋል። ከወላይታ ጎረቤት ከከምባታ፣ ከዱራሜ ተነሥታ የብሔራዊ ቡድን አጥቂ ለመሆን የበቃችው ሎዛ አበራ ለአካባቢው ሴት ልጆች መንገዱ የሚቻል መሆኑን አሳይታለች፤ ልጂቱ ሜዳ እንድትወርድ የሚፈቀድላት ግን ማን ይዟት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ የት ልብስ እንደምትቀይር በግልጽ ሲነገር ነው። ወላጅ ይህን መጠየቁ እንደ ኋላ ቀርነት ሲታይ ቆይቷል፤ በእውነቱ ግን ለወንዱም ልጅ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

አሠልጣኙ የልጆቹን ዝርዝር የሚያሰፍርበት ደብተር የገንዘብም ዋጋ አለው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ባወጣው የዝውውር ደንብ መሠረት፣ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ በክፍያ ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ወደ ውጭ አገር እንዳይዛወር ይከለከላል። ድርሻው የሚከፈለው ልጁ በየዓመቱ የት እንደ ተመዘገበ በሰነድ ሲረጋገጥ በመሆኑ፣ በፌዴሬሽን ያልተመዘገበ የመንደር ፕሮጀክት ልጁን ለ5 ዓመት ቢያሠለጥነውም ምንም አያገኝም። ለልጁ ውጭ አገር ክለብ እናገኝለታለን የሚሉ ደላሎች ወደ ገጠር ቤት ሲመጡም ወላጁን ስለዚህ ክልከላ ሊያስጠነቅቅ የሚችለው ብዙ ጊዜ አሠልጣኙ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በስፖርቱ የዕድሜ ተገቢነት የሚባለው ተጫዋቹ በተሰለፈበት ምድብ የዕድሜ ጣሪያ ውስጥ መሆኑ ሲሆን፣ ይህን ለማጣራት ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 የናይጄሪያው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤም አር አይ ያስመረምራል፤ በልጅነት አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ከቀሪው አጥንት ጋር ሙሉ በሙሉ ተዋሕዶ ከተገኘ ልጁ 17 ዓመት አለመሙላቱ እጅግ አጠራጣሪ ይሆናል። በወላይታ ግን የዕድሜ ቁጥር በሜዳ ላይ ብቻ የተበላሸ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለግዳጅ ሲጠራ፣ አፈሳውም ከዚያ በታች ያሉትን ጭምር ሲወስድ፣ የልጅን ዕድሜ ዝቅ አድርጎ መናገር ሕይወት ማዳኛ ሆኖ ነበር። በ1977 እና በ1986 ዓ.ም. ወላይታን የመታው ረኃብም የብዙ ልጆችን ቁመት አቀጭጯል፤ የተራበ ልጅ አጥንቱም ቁመቱም ስለሚዘገይ በመልክ ከዕድሜው አንሶ ይታያል። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ደግሞ ተንኮል በሌለበት ስሕተት ይፈጥራል፤ በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንደ ተወለደበት ወር እ.ኤ.አ. የ2007 ወይም የ2008 ልጅ ሲሆን፣ የውድድር ምድቦች የሚቆጠሩት ከጃንዋሪ 1 በመሆኑ ወሩ ካልታወቀ ልጁ በአንድ ዓመት ተዛብቶ ይመደባል።

ይህ ሁሉ ሆነ ብሎ ለሚያታልል አሠልጣኝ ማመካኛ አይሆንም። የ19 ዓመቱን ወጣት ከ15 ዓመት በታች አሰልፎ ዋንጫ የሚወስድ ሰው የሚያታልለው ፌዴሬሽኑን ብቻ አይደለም፤ ቦታውን የነጠቀው የ14 ዓመት ልጅ ኳስ ትቶ ይሄዳል፣ ዕድሜው የተቀነሰለት ወጣትም ሐሰተኛ ወረቀቱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ፣ በተጋለጠ ጊዜ ብቻውን ይዋረዳል። ማታለል በሌለበት እንኳ ትልቁን መምረጥ ፍርድን ያጣምማል። ይህንን በጥናት ቀድሞ ያሳየው የበረዶ ሆኪ ነው፤ ሮጀር ባርንስሊ እ.ኤ.አ. በ1985 የካናዳ ምርጥ ወጣት ተጫዋቾችን የልደት ወር ሲመረምር ከጃንዋሪ እስከ ማርች የተወለዱት በብዛት አመዝነው አገኘ፤ ምክንያቱም በአንድ ምድብ ውስጥ በወራት የሚበልጠው ልጅ በልጅነቱ ግዙፍ ስለሚሆን አሠልጣኙ ጉልበቱን ተሰጥኦ መስሎት ይመርጠዋል፣ የተመረጠውም የተሻለ ሥልጠና አግኝቶ በእውነት ይበልጣል። በወሮች ልዩነት ይህ ከሆነ፣ የዓመታት ልዩነት በማይታወቅበት በወላይታ ሜዳ ስንት ዘግይቶ የሚያድግ ልጅ ሳይታይ እንደ ቀረ መገመት አያስቸግርም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባን፣ ማለትም የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺን መመዝገብ ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ በሕጉ መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። ከዚያ ወዲህ ተወልደው በወቅቱ የተመዘገቡት ልጆች በ2021 ዓ.ም. 13 ዓመት መሙላት ይጀምራሉ፤ አሁን በፕሮጀክት የሚመለመሉት ታናናሾችም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ሳይመዘገብ የቀረ ልጅም ዘግይቶ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ አሠልጣኙ ልጁን በደብተሩ ላይ ከማስፈሩ በፊት ወላጁን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የመላክ ዕድል አለው፤ ያም ልጁ ገና 8 ወይም 9 ዓመቱ ሳለ፣ ማንም ለማሸነፍ ሲል ቁጥሩን ለመለወጥ ሳይፈልግ መፈጸም ይኖርበታል።